እስከ ዲሴምበር የተራዘመው እሺታ

አንዳንዱ ከተማ ጎርፍ ይፈራል፣ አንዳንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ይፈራል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚፈራው ነገር ሲያጣ የጎረቤቱን ውሻ ይፈራል። እኛ ላስ ቬጋስ ያለን ሰዎች የምንፈራው መዘጋትን ነው። አትሳቁ። እናንተ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ከተማ ውስጥ ስለምትኖሩ መዘጋት ማለት ዕረፍት ይመስላችኋል። ይህች ከተማ ስትሠራ ግን ቁልፍ የሚባል ነገር ጭራሽ አልታሰበም፤ ገናም ይሁን ፋሲካ፣ ሰው ይሙት ሰው ይወለድ፣ ካዚኖው ክፍት ነው። አንድ ቀን ግን ኮሮና መጣና ዝጉ ተባለ። ያን ጊዜ ዳውንታውን አንድ አሮጌ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ የማደርግ ቫሌት ነበርኩ። ማናጀራችን የዋናውን በር ቁልፍ ፍለጋ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ለካስ ቁልፉ የት እንዳለ ይቅርና በሩ ቁልፍ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ሰው የለም። ሲጨንቀው ሰንሰለት አስገዝቶ እጀታውን ከእጀታው ጋር ጠፍሮ አሰረው። ሰንሰለቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ራሴን ከሥራዬ ቆልፌ ወጣሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ «ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ስሰማ፣ የሚዘጋው ገብቼበት የማላውቀው ፀጉር ቤት እንኳ ቢሆን፣ ያ ሰንሰለት ትዝ ይለኛል። እንግዲህ ዘንድሮ መስከረም ላይ «መንግሥት ሊዘጋ ነው» ሲሉ የሆንኩትን አስቡት።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም እዚህ ከመምጣቴ በፊት አላውቀውም ነበር። አገር ቤት መንግሥት ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንደ ሱቅ «ዛሬ ዝግ ነን» የሚል ሰሌዳ አይሰቅልም። እዚህ ይሰቅላል። በጀቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሠላሳ ያልቃል፤ እስከዚያ ቀን ዋሽንግተን ያሉት የምክር ቤት ሰዎች በአዲሱ በጀት ካልተስማሙ መንግሥት ይዘጋል፤ ሠራተኛው ገሚሱ ቤቱ ይቀመጣል፣ ገሚሱ ያለ ደሞዝ ሥራው ላይ ይገተራል። እኔ እዚህ ከመጣሁ በጊዜ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? የመጨረሻዋ ቀን ላይ አንድ ጊዜያዊ ሕግ ያወጡና ያለፈውን ዓመት በጀት እንዳለ ለጥቂት ሳምንታት ይገፉታል። የሚያፈስ ቧንቧ በጨርቅ ጠቅልሎ «ለጊዜው ይያዝልን» እንደማለት ነው። ልታሟቸው ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አፌ አይደፍርም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ እስከዚያ የደረስኩትም በዚሁ ዘዴ ነው። «የቤት ሥራህስ?» ሲሉኝ «ለሰኞ» እላለሁ። ልዩነቱ፣ ሰኞ ሲደርስ እኔን ይገርፉኝ ነበር።

«እና አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም። ቫሌቱ ከቀረ ወዲህ በመኪናዬ የሰው ምሳ አደርሳለሁ፤ ሰው እስከራበው ድረስ የምዘጋበት ምክንያት የለም። የመንግሥት ሠራተኛው ጋሽ ዘነበ ናቸው።

ጋሽ ዘነበ ኤርፖርት ላይ የተሳፋሪ ሻንጣ የሚፈትሹ ሰው ናቸው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ያልሠሩት ሥራ ሳይኖር፣ በመጨረሻ ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ልጅ ያሳደጉ። ሲቆጡ እንደ ሌላው ሰው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ዝቅ ያደርጉታል። የሚያስፈራው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሻንጣ ሳይከፍቱ ውስጡን ሲያዩ የኖሩ ሰው ፊት፣ የሚደበቅ ነገር ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። የሚደበቅ ነገር ነበረኛ! ልጃቸውን ሜሮንን እወዳታለሁ፤ ይሄ እንኳ ብዙም ድብቅ አይደለም። ድብቁ ሌላ ነው። ሜሮን የሁለት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ነበረች።

ይህንን የምናውቀው እኔ፣ እሷና ሐኪሟ ብቻ ነበርን። አሁን ደግሞ እናንተ። አደራ።

ምን አለበት፣ አሜሪካ አይደለም ወይ የምትሉ ካላችሁ የጋሽ ዘነበን ቤት አታውቁትም። የእህታቸው ልጅ፣ እሳቸው ራሳቸው ያመጧት፣ እሳቸው ቤት ያደገች ልጅ፣ ሳትዳር አርግዛ ተገኘች። አንድ ቃል ክፉ አልተናገሯትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መልካም ይሁንልሽ» አሏት። አሁን ቦልደር ሲቲ ነው የምትኖረው፤ ከቤታቸው በመኪና አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስድስት ዓመት ሆነ፤ ጋሽ ዘነበ መንገዱን አያውቁትም። ሜሮን የምትፈራው ያንን ነው። ስድብ አይደለም፣ ዱላ አይደለም። «ሚኪ፣ አባዬ እኔን ደግሞ ዲሊት ያደርጋል» አለችኝ እያለቀሰች፤ እዚህ ስለተወለደች አማርኛዋ እንደዚህ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ አማርኛ የሚገልጸው አይመስለኝም።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣን። ሽማግሌ አሁኑኑ ይላካል፣ ጥቅምት ላይ ሠርግ ይሆናል፣ ልጁም ትንሽ ቸኩሎ ይወለዳል። በኛ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ ሲቸኩል አዲስ አይደለም፤ ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል እንጂ ጣቱን የሚያጥፍ የለም። ቢያጥፍም ኪሱ ውስጥ ነው።

ዕቅዱን የሚያፈርስ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንግሥት። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ገና ሰሞን መንግሥት ተዘግቶ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ጋሽ ዘነበ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው በየቀኑ ያለ ደሞዝ ሥራ ይገቡ ነበር። ሜሮን ያንን ወር ስታወራ አሁንም ድምፅዋን ትቀንሳለች። ቤት ውስጥ ሳቅ ቆመ። ምንም ነገር ብትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፤ «አሁን አይደለም።» እንግዳ ይምጣ? አሁን አይደለም። ጥርስህን ታይ እንጂ አባዬ? አሁን አይደለም። ታዲያ መንግሥት ተዘግቶ ሽማግሌ ቢገባ መልሱ ምን ሊሆን ነው?

እኔ ነኝ የምላችሁ፤ የሲቪክስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ በመስኮት ዘልዬ የምወጣው ልጅ፣ ያን ሳምንት በስልኬ የሴኔት ድምፅ ስከታተል ሰነበትኩ። አንዲት ሴትዮ ፒዛዋን ላስረክባት በሯን ስትከፍት «እኩል ለእኩል ናቸው እኮ» አልኳት። ፒዛውን ነጥቃኝ በሩን ዘጋችብኝ። መዘጋት ያን ሳምንት በየዞርኩበት ነበር።

ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት ጋሽ ተፈራን ነው። በዲቪ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ማንም ሳይኖረኝ ስመጣ ክፍል የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ኮሮና ጡረታ ያወጣቸው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልጠየቁት የሴት አባት የለም። አንድ ጉድለት ቢኖራቸው ምስጢር አይቋጥሩም። ለጋሽ ተፈራ የነገራችሁት ነገር ቤተ ክርስቲያን ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የሜሮንን ነገር አልነገርኳቸውም። ያ ዋጋ እንደሚያስከፍለኝ በምን ልወቅ?

ቀኑን ለማስቀደም ሞክሬ ነበር። ጋሽ ዘነበ ዕረፍታቸው ረቡዕና ሐሙስ ነው፤ ቬጋስ ውስጥ ሁሉም ሰው የየራሱ ቅዳሜና እሁድ አለው። «ጋሼ፣ በጀቱ ሳያልቅ ረቡዕ ይሂዱልኝ» አልኳቸው።

«ረቡዕ ጾም ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ሰውየው እሺ ቢለን ምን ሊያበላን ነው? ሽሮ? ለሽሮ ከሰው ቤት ድረስ አልሄድም። ሐሙስ።»

ሐሙስ ሆነ። መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ በጀቱ በሚያልቅበት በዚያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ጋሽ ተፈራና ሁለት ጓደኞቻቸው በአቶ ግርማ ነጭ ቫን ሎን ማውንቴን ደረሱ። አቶ ግርማ ሹፌርም ሽማግሌም ናቸው። ሦስተኛው ሰው ዝምተኛ ናቸው፤ ሽማግሌ ሦስት ስለሚሆን የመጡ። ሦስቱም በጥቁር ሱፍ ላይ ሰማያዊ ማስክ አድርገው ሲወርዱ ልጅ ሊጠይቁ ሳይሆን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ የገቡ ይመስሉ ነበር። እኔ በደንቡ እዚያ አካባቢ መታየት ስለሌለብኝ ከቤቱ ጥግ ዞር ብሎ ባለው መንገድ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወንበሬን ዝቅ አደረግሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ አይመለስም። ልጁን ንጉሥ ቢጠይቅለት እንኳ፣ የሴት አባት «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ወዲያው እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው። ይህንን ስለማውቅ በየሦስት ቀኑ ሦስት ጉዞ ብዬ አስልቼ ነበር። የምጸልየው «እምቢ እንዳይሉ» ብቻ ነው። በግራ እጄ ስልኬን ይዤ የዋሽንግተኑን ወሬ አያለሁ፣ እዚያው ስልክ ላይ የሜሮን መልእክት ከላይ ብቅ ይላል። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እየሰማች ነበር የምትጽፍልኝ።

«ገቡ። አንቀመጥም ይላሉ።»

ደንብ ነው፤ ጉዳያችሁ ሳይሰማ አትቀመጡም።

«እማዬ ቲቪ አጠፋች። አባዬ መልሶ አበራ። ሳውንዱን ብቻ ዘጋ።»

አልኩ እኔ! እሳቸውም ድምፅ እየቆጠሩ ነው።

«ጋሽ ተፈራ ማውራት ጀመረ።»

ከዚያ ዝም አለች። እጄ ላብ ስላጠመቀው ስልኩ ጣቴን አላውቅህም አለኝ። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ስመለስ እንዲህ ይላል፦

«አባዬ እሺ አለ!!!!»

ከደስታዬ ብዛት ግንባሬ መሪውን ሲመታው ጥሩምባው ጮኸ፤ አንድ ውሻ የሚያንሸራሽር ፈረንጅ ዘሎ አጥር ያዘ። እሺ! በመጀመሪያው ቀን! እጄን ወደ ሰማይ ልዘረጋ ስል ሌላ መልእክት መጣ።

«ዌይት።»

ቀጥሎ፦

«ሽማግሌዎች ያንተ እምቢ አሉ።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሜሮን አማርኛ ስለተሳሳተች ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተሳሳተችም። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ቫን ጥጉን ዞሮ አጠገቤ ቆመና ጋሽ ተፈራ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፤ ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል፣ ፊታቸው ያበራል።

«እንኳን ደስ ያለህ! ለዲሴምበር ቀጥረናል!»

«ጋሼ… እሺ ብለዋል እኮ?»

«ማን ነገረህ?» ብለው አንድ ጊዜ በጥርጣሬ አዩኝና ወሬው ስለሚጣፍጥ ተዉት። «እሱማ ብሏል። ገና ‹ለቁም ነገር ነው የመጣነው› ከማለቴ፣ የማንን ልጅ ለማን እንደምጠይቅ እንኳ ሳልናገር፣ ‹እሺ፣ ሰጥቻለሁ› አለኝ። ሚኪ፣ እኔ ስንት ቤት ገብቻለሁ። ውሻ የለቀቀብኝ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ልጅ የሚድር ሳይሆን ቤት የሚለቅ ሰው ነው የሚመስለው።»

«እና ምን አሏቸው?»

«እኔ ነኝ ያዳንኩህ! ‹የለም አቶ ዘነበ፣ ደንብ አለ፣ ቤተ ዘመድ ያማክሩ› አልኩት። ‹አማክሬያለሁ› አለ። ‹እንደገና ያማክሩ› አልኩት። ‹ጥቅምት ላይ ይሁን› አለ። አየኸው? ቀኑን ራሱ! እኔም ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ መንግሥትን እስከ ዲሴምበር ሊያራዝሙት ነው የሚል ጽሑፍ ያልፋል። አሜሪካን የሚያህል አገር ጉዳዩን ለዲሴምበር ካሳደረ እኛ ምን አጣደፈን አልኩና ለዲሴምበር ቀጠርኩት።»

አቶ ግርማ ከመሪው ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝምተኛውም ነቀነቁ። ሕጉ በሙሉ ድምፅ አለፈ ማለት ነው።

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ስማኝ ልጄ። መኪና የሚሸጥልህ ሰው እንዲህ ሲቸኩል ምን ታደርጋለህ? ኮፈኑን ታስከፍታለህ። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ሳይኖርባት አይቀርም። እስከ ዲሴምበር እናጣራለን።»

የሚያጣሩት እኔን ነው እኮ! ዲሴምበር ማለት ደግሞ በኛ የነቢያት ጾም የገባበት ነው፤ በጾም ሠርግ የለም። ጾሙ የሚፈታው በገና ነው፣ ሠርጉ የሚቆረጠው ለጥር ነው፣ ጥር ላይ ሜሮን አዳራሽ ስትገባ ሆዷ ከሚዜዎቿ ቀድሞ ይገባል። ይህንን ሁሉ ለጋሽ ተፈራ በአንድ ቃል ላስረዳቸው እችል ነበር። ግን ያቺ አንዲት ቃል እሑድ ቅዳሴ ላይ ከዲያቆኑ ቀድማ ትሰማለች። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

እነሱ ግን አልሄዱም፤ የት ምሳ እንደሚበሉ መስማማት አቃታቸው። አቶ ግርማ ክትፎ ይላሉ፣ ጋሽ ተፈራ ቅድም የጠየቅንበት ቤት ጥብስ ሸትቶኝ ነበር ሳንበላ ያስወጣችሁኝ እናንተ ናችሁ ይላሉ፣ ዝምተኛው በጣታቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታሉ። እዚያው እየተከራከሩ ትቻቸው ከመኪናዬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። ከትምህርት ቤት በመስኮት ስወጣም አላውቅም ነበር፤ እግሬ ነው የሚያውቀው። አሁን ግን እግሬ የሚወስደኝ ወደ ማምለጫው ሳይሆን ወደ ጋሽ ዘነበ በር ሆነ።

ልጅ ጠያቂው ራሱ፣ ሽማግሌ በወጣ በአሥር ደቂቃ፣ በቲሸርት! እንዲህ ያለ ነውር ተደርጎ ያውቃል? እጄን ወደ ደወሉ ስዘረጋ በሩ በራሱ ተከፈተ። ጋሽ ዘነበ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል፣ እግራቸው ላይ ግን ካልሲ ብቻ ነው ያለው፤ ምንጣፉን ስለሚሳሱለት ቤታቸው ውስጥ ማንም ጫማ አያደርግም።

የጠበቅሁት ያንን ዝቅ ያለውን ድምፅ ነበር። የሰማሁት ሌላ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ።

«ሽማግሌዎችህን ምን አድርጌ ነው ያስቀየምኳቸው?»

«ኧረ ጋሼ—»

«ሰምተው ነው አይደል? ‹የሱ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነው፣ ከማን ጋር ልንጋባ ነው› ብለው ነው የሸሹት?» ወደ ውስጥ ዞረው ድምፅ አልባውን ቴሌቪዥን አዩና ተመለሱ። «ያን ጊዜ ሲዘጋ የቆርቆሮ ምግብ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ በዩኒፎርሜ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የቆመው አለቃዬ ነበር። እንደዚያ ሆኜ ሰው ልጄን ለመጠየቅ ቢገባ በየትኛው ዓይኔ አየው ነበር? እና ዛሬ፣ ገና ሥራ እያለኝ፣ ገና ሰው እያለሁ እሺ ልበል አልኩ። እሺዬንም አልፈልግም አሉኝ።»

አያችሁ? ሳምንቱን ሙሉ እሳቸውን ስፈራ ከረምኩ፤ እሳቸው ደግሞ እዚህ በር ኋላ ሆነው እኛን ሲፈሩ ነበር። ይሄኔ መዋሸት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ አልጠሉዎትም። ደንብ አበዙ እንጂ። ግን ዲሴምበር… ለኛ ይርቃል።»

«ለማናችሁ?»

«ለእኔና ለሜሮን።»

ሻንጣችሁ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሰውየው ድንገት ቀበቶውን አቁሞ ወደ ኋላ የሚመልስበት ጊዜ አለ፤ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ጋሽ ዘነበ እንደዚያ አደረጉኝ። አንድ ጊዜ አለፍኩ፣ ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና አለፍኩ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለው፣ ከታች፣ ከታች ከመሬት።

«ስንት ወር?»

«ሁለት ተኩል።»

ከኋላቸው ደረጃው ላይ ሜሮን ቆማለች፤ ሁለት እጇ አፏ ላይ ነው። እናትየው ከወጥ ቤት ማማሰያ ይዘው ወጥተው ደንዝዘው ቀርተዋል። በዚያች ሰዓት ከዚህ በር እስከ ቦልደር ሲቲ ያለው መንገድ በሙሉ፣ መብራቱ፣ መታጠፊያው ሳይቀር፣ በሰውየው ፊት ላይ ሲዘረጋ ታየኝ። ጋሽ ዘነበ ቀስ ብለው ዞሩና ልጃቸውን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። «መልካም» የምትለዋ ቃል ልትወጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባዬ» አለች ሜሮን። አማርኛም እንግሊዝኛም አለቀባት።

ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ዘነበ ወደ እኔ ዞረዋል።

«መኪናቸው ምን ዓይነት ነው?»

«የማን?»

«የሽማግሌዎችህ ነዋ!»

«ነ… ነጭ ቫን፣ ጥጉ ጋር—»

ሳልጨርስ ገፍተውኝ አለፉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጫማ ሲያስወልቁ የኖሩ ሰው፣ በካልሲ፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ እየበረረ፣ ሎን ማውንቴን ጎዳና ላይ ይሮጣሉ። እኔም ኋላቸው። ጥጉን ሲዞሩ ቫኑ አሁንም እዚያው ነበር፤ የምሳው ክርክር አላለቀም። ግን አቶ ግርማ በመስታወት ሲያዩ፣ ልጁን አልቀበልም የተባለ አባት በካልሲ እየሮጠ ሲመጣ አዩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ቫኑ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ምሳውን በአንድ ሰከንድ ተስማሙ።

ዘልዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እያስነሣሁ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቁሙ! ጋሽ ዘነበ ናቸው!»

«አየነው እኮ! ለዚህ ነው የማንቆመው! ተናቅሁ ብሎ ሊጨርሰን ነው! ግርማ፣ ንዳው!»

ያዳነን መብራት ነው። ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርሱ ቀይ ያዛቸው፤ አቶ ግርማ በስደትም በሽሽትም ቀይ መብራት የማይጥሱ ሰው ናቸው። ጋሽ ዘነበ ደርሰው የቫኑን መስኮት በመዳፋቸው ይመቱ ጀመር። እኔ ከጎናቸው ባለው መስመር ቆሜ መስኮቴን አወረድኩ። የጋሽ ተፈራ መስኮት ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ተከፈተ። ከውስጥ የሬዲዮ ዜና ይሰማል።

«አቶ ተፈራ» አሉ ጋሽ ዘነበ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ቀጠሮውን አልፈልግም። እሺ ብያለሁ፣ እሺዬን ይዛችሁልኝ ሂዱ። ለጥቅምት ነው።»

«ኧረ አቶ ዘነበ፣ በካልሲ! ለመሆኑ ምን እንዲህ አስቸኮለዎት?»

ጋሽ ዘነበ ቀና አሉና ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሕይወቴ በሙሉ በዚያ እይታ ላይ ነበር። የሜሮንም። አንድ ቃል ቢያመልጣቸው፣ ምስጢር የማይቋጥረው የከተማው ሬዲዮ እፊታቸው ጣት በምታስገባ ቀዳዳ ጆሮውን ደቅኗል።

«መንግሥት ሊዘጋ ነው» አሉ።

«የምን መዘጋት!» ጋሽ ተፈራ ከመደሰታቸው የተነሣ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አወረዱት። «አሁን በሬዲዮ ተናገሩ እኮ! ምክር ቤቶቹ ሁለቱም አጽድቀውታል፣ የቀረው ፊርማ ነው። እስከ ዲሴምበር ተራዘመ! አይዘጋም!»

ጋሽ ዘነበ እጃቸውን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ቤት አልተራዘመም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጥሩምባ ጀመረ። ጋሽ ተፈራ የሰውየውን ካልሲ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሱፋቸው ላይ ያረፈው ጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲታጠፍ አየሁት። ከጥቅምት ጀምረው ወር እየቆጠሩ መሆኑ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው፣ ወሬ እንደ ቤንዚን የሚነዳቸው ሰው፣ ማስካቸውን ከአገጫቸው አንሥተው እስከ ዓይናቸው ሥር ሳቡት።

«ግርማ» አሉ ከውስጥ። «አዙር። ጥብስ አለ።»

ቫኑ ዞረ። ጋሽ ዘነበ ግን ከነሱ ጋር አልገቡም። በመኪናዬ ፊት ዞረው የእኔን በር ከፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል። ወደ ፊት ያያሉ። እኔ ማርሹን ላስገባ ስል ሁለት ጊዜ ሲስተኝ አዩ።

«ፈራህ?»

«በጣም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉና የወንበሩን ቀበቶ አሰሩ።